የተጣለ ሽቦ፣ ጥለትና ስፌት፦ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይያዛል?

ሠዓሊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 120 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሥራ ጀምሬ ተቸግሬአለሁ። ዕቃው ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የተሰበሰበ የኔትወርክ ኬብልና የስልክ ሽቦ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቂት የኮምፒውተር ቦርድ ይገባል። መነሻዬ የሐበሻ ቀሚስ ጥለትና የመሶብ ዙር ናቸው።

እስካሁን ያደረግሁት፦ ሽቦውን እንደ ሹሩባ በሦስት በሦስት ጎንጉኜ 9 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ላይ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩት። ቺፑዱን ፊቱን ጥቁር ቀለም ቀብቼዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላው ጉንጉኑ ከጫፍ ጀምሮ እየተነሣ ነው፤ ሙጫው እንደ ቅርፊት ተላቆ ይወድቃል እንጂ ሽቦው ላይ ምንም አይቀርም። ቺፑዱ ዳርና ዳሩ ወደ ፊት ተቆልምሟል። አንዳንዱ ሽቦ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ሌላው ጭራሽ አልታዘዝ ብሎ እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል።

ጥያቄዎቼ፦ ስንት ሜትር ሽቦ ልያዝ? ምን ዓይነት ሰሌዳ? ሙጫ ወይስ ምስማር? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከራቅ ብሎ ሲታይ ጥለቱ የተለጠፈ ፎቶ መምሰሉ ነው። የሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የሽቦ ሥራዎች ላይ ሽቦው እንደዚያ ተኝቶ፣ ጥለቱም ከሽቦው የበቀለ የሚመስለው በምን ምክንያት ነው?

ነሐስ12፦

ከሙጫው ልነሣ። የኔትወርክ ኬብል ውጫዊ ልባስ ፒቪሲ የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ያሉት ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ግን የለበሱት ፖሊኢትሊን የተባለ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ፖሊኢትሊን ሙጫ አይቀበልም። ሱፐር ግሉም፣ የእንጨት ኮላም፣ የጫማ ማስቲሽም ላዩ ላይ ይደርቃሉ እንጂ አይነክሱትም። ቅርፊት ሆኖ የተነሣብሽ ለዚህ ነው፤ ሌላ ሙጫ በመቀየር አይፈታም። የድሮ የስልክና የቤት መብራት ሽቦ ፒቪሲ ስለሆነ ለጊዜው ይጣበቃል፤ ነገር ግን ፒቪሲውን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጊዜ በኋላ እየወጣ ማስቲሹን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ሙጫን ለሥራው ማስያዣ አታስቢው። ሽቦ የሚያዘው በማሰር፣ በመስፋት ወይም በምስማር ነው።

ሁለተኛው ነገር ሽቦውን መለየት ነው። በቢላ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ፋቂው። ውስጡ እስከ መጨረሻው ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እየተሰበረ ያስቸገረሽ ይኼ ነው። ለጌጥ ለብቻው አኑሪው እንጂ ለመጠምጠም አትጠቀሚበት። ማግኔት የሚስበው ደግሞ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው የድሮ የስልክ ሽቦ ነው፤ ውስጡ ብረት ስለሆነ እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል። እሱን ቀጥ ላለ መስመር ብቻ ተጠቀሚበት። ከሶኬት ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው አጭር የኔትወርክ ገመድ ብዙ ጊዜ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ክሮች ነው፤ ለጉንጉን ይለሰልሳል፣ ቅርጽ ግን አይዝም። ቅርጽ የሚይዘው ግድግዳ ውስጥ የሚዘረጋው፣ ነጠላ 0.5 ሚሊ ሜትር መዳብ ያለው ነው።

የሽቦውን መጠማዘዝ ለማስለቀቅ በጣት አታሺው። 3 ሜትር ቆርጠሽ አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ እሰሪ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘሽ በዝግታ ጎትቺ። ትንሽ ለቀቅ ሲል በእጅሽ ይታወቅሻል፤ ያኔ 3 ሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ረዝሟል ማለት ነው። አንዴ ብቻ። መዳብ በተደጋገመ መጎተትና መታጠፍ ይጠነክራል፣ የጠነከረ መዳብ ደግሞ ይሰበራል።

ስለ መጠኑ፦ ልባሱን ጨምሮ የአንዱ ሽቦ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሦስት ጉንጉን ወርድ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ከርዝመቱም አንድ አምስተኛ ያህል ጉንጉኑ ይበላል፤ 1 ሜትር ጉንጉን ለማግኘት 125 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ። 120 በ80ውን ሙሉ በጉንጉን ለመሸፈን 384 ሜትር ጉንጉን ያስፈልጋል፤ ይኸውም 1,440 ሜትር ነጠላ ሽቦ፣ ወይም 180 ሜትር ያህል ባለ ስምንት ኬብል ነው። ለብክነት 20 ሜትር ጨምሪበት።

ኮምፐርሳቶ፦

ቺፑዱን ተዪው። እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ምስማር ከዳሩ ሲጠጋ ይፈረፍራል። የተቆለመመው ፊቱን ብቻ ስለቀባሽው ነው፤ ጀርባው ክፍት ስለሆነ እርጥበት እየጠጣ ሰፋ፣ ፊቱ ባለበት ቀረ። ክረምት ሲገባ ይብስበታል።

12 ሚሊ ኮምፐርሳቶ ያዢ። ጀርባው ላይ በ4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ዙሪያውን ፍሬም ምቺለት፣ ከፍሬሙ ጋር ሁለት መስቀለኛ ሞራሌ በ40 ሳንቲ ሜትር ልዩነት። በኮላና በቪቴ ይያዝ፤ በምስማር ብቻ ከሆነ ይላላል። ፍሬሙን ከመታሽ በኋላ ፊቱን፣ ጀርባውንና አራቱን የተቆረጡ ጠርዞች በቫርኒሽ ሁለት ጊዜ ቀቢ። ጠርዙን አለመቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ኮምፐርሳቶ ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

በተረፈ ተራ የብረት ምስማር መዳብ አጠገብ አትምቺ። ልባሱ በተላጠበት ቦታ ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ካገኙ ብረቱ ቶሎ ይዝጋል፣ ዝገቱም በነጭና በቢጫ ሽቦ ላይ ቡናማ እንባ ሆኖ ይወርዳል። የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን።

ወስፌ፦

ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ ግን የመጨረሻው ጥያቄ አልተመለሰም። ጥለቱ የተለጠፈ የመሰለው ቅርጹን ከመሶብ ወስደሽ አሠራሩን ስለተውሽው ነው። የስፌት ጥለት ላዩ ላይ የተሣለ አይደለም፤ ከቆጠራ የሚወጣ ነው። ሰፊዋ አክርማና ስንደዶዋን ይዛ ከእምብርቱ ትጀምራለች፣ ወስፌዋን በቀደመው ዙር ውስጥ እየሰካች ቀዳዳ ትከፍታለች፣ ጥምጥሙን ታሳልፋለች፣ ትስባለች። ቀለም የምትቀይረው በቁጥር ነው። አንቺም እንዲሁ ብታደርጊ ሽቦው ራሱ ጥለቱን ያወጣዋል። ሙጫም አያስፈልግሽም።

ሰሌዳውን በአንድ ትልቅ ሥራ ከመሸፈን 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ትንንሽ ሰፌዶች ስፊ። 120 በ80 ላይ ስድስት በአራት ሆነው 24 ይቀመጣሉ።

አሠራሩ ይኸውና። ሦስት ሽቦ አንድ ላይ አድርጊ፤ ይኼ ውስጡ ነው። ቀለሙ ስለማይታይ የገረጣውንና የቆሸሸውን እዚህ ጨርሺው። በላዩ አንድ ሽቦ እየጠመጠምሽ ትሄጃለሽ። ሦስቱ አንድ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራሉ፣ ጥምጥሙ በሁለቱም ወገን ሲጨመር ገመዱ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እምብርቱን ለመጀመር የሦስቱን ሽቦ ጫፍ በደረጃ ቁረጪው፣ አንዱ ከሌላው 1 ሳንቲ ሜትር ይጠር። አለዚያ መሐሉ ላይ ጉብ ይላል፣ ያ ጉብታ እስከ ዳር ድረስ ይከተልሻል። ከዚያ በየሦስተኛው ጥምጥም ሽቦውን በቀደመው ዙር ውስጥ አሳልፊው። ቀዳዳውን የምትከፍቺው በወስፌ ነው፤ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አዶልዱሚው፣ በጣም ከሾለ ልባሱን ይቀደዋል።

አሁን ወደ ቆጠራው። ገመዱ 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ25 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አንዱ ጥምጥም 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በየዙሩ 25 ጥምጥም ያህል ይጨመራል ማለት ነው። አንቺ 24 አድርጊው። 24 ለስምንት ይካፈላል፣ ለስድስትም ለሦስትም። ሰፌዱን በስምንት ክንፍ ከከፈልሽው እያንዳንዱ ክንፍ በየዙሩ 3 ጥምጥም ያድጋል። የቀረችውን አንድ ጥምጥም በመጠቅጠቅና በማላላት ትውጫታለሽ፤ ዓይን አያያትም።

ለምሳሌ ከ5ኛው ዙር ብትጀምሪ፦ በእያንዳንዱ ክንፍ መሐል 1 ቀይ፣ 6ኛው ላይ 3፣ 7ኛው ላይ 5፣ 8ኛው ላይ 7፣ 9ኛው ላይ 9፤ ከዚያ መልሰሽ 7፣ 5፣ 3፣ 1። ስምንት አልማዝ ይወጣል። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ነው፣ እንደ መሶቡ። በየዙሩ በ1 ብቻ ብታሳድጊው ቀጭን የፀሐይ ጨረር ይሆናል። 20 ሳንቲ ሜትር ሰፌድ 25 ዙር አለው፣ የመጨረሻው ዙር ላይ 600 ያህል ጥምጥም ትቆጥሪያለሽ፤ ስለዚህ የዙሩን መጀመሪያ ከእምብርቱ እስከ ዳር በነጭ ክር ምልክት አድርጊበት። ዙሩ የተዘጋ ቀለበት ሳይሆን እየተጠመዘዘ የሚወጣ ስለሆነ ክሩ ከሌለ ጥለቱ ወደ ጎን ይሸሻል።

ጠምጣሚውን ሽቦ በ150 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ። ከዚያ ከረዘመ ይቋጠራል፣ የተቋጠረበት ቦታ ቢቃናም ይታያል። ሲያልቅ ጫፉን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከውስጦቹ ጋር አስተኝተሽ አዲሱን በላዩ ጠምጥሚው፤ ቋጠሮ አያስፈልግም።

አንድ ሰፌድ ከ100 ሜትር በላይ ነጠላ ሽቦ ይበላል፣ ማለትም 13 ሜትር ኬብል፤ ክብደቱ ሩብ ኪሎ ግድም። ለ24ቱ 312 ሜትር ኬብል። ከጉንጉኑ የበለጠ ዕቃ ይወስዳል፣ ግን የማሰሪያው ልዩነት ትልቅ ነው። ጉንጉኑን በየ4 ሳንቲ ሜትሩ ብትይዢ 9,600 ምስማር ነው። ሰፌዱ ግን ራሱን የቻለ ስለሆነ አምስት ቦታ ቢታሰር በቂ ነው፦ አንድ እምብርቱ ላይ፣ አራት ከእምብርቱ 7 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። በኮምፐርሳቶው ላይ በ4 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁለት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሺ፣ ከዚያው ኬብል የተላጠ መዳብ ገመዱን አቅፎ ይለፍ፣ በጀርባ በፒንሳ ሦስት ጊዜ ጠምዝዢው። በጠቅላላው 120 ማሰሪያ።

ጠልሰም፦

ወስፌ ያለውን አጥብቄ እደግፋለሁ፣ በጥለቱ በኩል ግን አንድ ነገር ልጨምር። የመሶብ ጥለትና የጥበብ ጥለት አንድ ዓይነት ቆጠራ አይደሉም። መሶብ ከመሐል ወደ ውጭ ያድጋል፤ የሸማኔ ጥበብ ግን ድርና ማግ ስለሆነ አራት ማዕዘን ላይ የቆመ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ካዋሐድሽ ሰፌዶቹ መሐል ላይ፣ ጥበቡ ደግሞ ቀሚስ ላይ እንዳለው በግርጌው ላይ እንደ ጥለት ይሂድ። ለጥበቡ የጎነጎንሽውን ሹሩባ ተጠቀሚበት፣ ግን በቅድሚያ በባለ ካሬ ደብተር ላይ ሥሪው፤ አንዱ ካሬ የአንድ ጉንጉን ወርድ ነው። አግድም መስመር በመስመር ቀለሙን በካሬ ለውጪ። ሰያፍ መስመርን በለስላሳ ኩርባ ካስኬድሽው ያን ጊዜ ነው ፎቶ የሚመስለው። በሽመና ውስጥ ለስላሳ ሰያፍ የለም፤ ሁሉም ደረጃ ነው፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጅ የሚታወቀው በዚያ ደረጃ ንጽሕና ነው።

ስለ ኤልያስ ስሜ የጠየቅሽው ትልቅ ጥያቄ ነው። በ1968 እንደ ፈረንጆቹ አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ይሠራ የነበረው በክርና በአዝራር፣ ሸራ ላይ በመስፋት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦውና ቦርዱ ያለበት ‘ታይትሮፕ’ የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ከዚያ እጅ የመጣ ነው። ስለዚህ ሽቦውን የሚይዘው እንደ ክር ነው፦ ይጎነጉነዋል፣ አቅጣጫ ይሰጠዋል፣ የአንዱ ረድፍ አቅጣጫ ሲለወጥ ብርሃኑም ይለወጣል። ትልልቆቹ ሥራዎች ብዙ ሰሌዳዎች ተገጣጥመው የቆሙ ናቸው፤ ይኼም ለማጓጓዝና ለመጠገን ይረዳል። አንቺም 120 በ80ውን 60 በ80 አድርገሽ ለሁለት ብትከፍይው በበር ማስገባት ይቀልሻል። መካኒሳ ያለው፣ ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ ቅርጽ ጠጋ ብለሽ ብታዪው ይኼው የአቅጣጫ ጉዳይ እዚያም አለ።

ሠዓሊውን ዘሪሁን የትምጌታንም ተመልከቺ። የቀርከሃ ቁራጮችን ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው ሲሥል በብራና ክታብ ላይ የሚሣለው የጠልሰም ዓይንና መስመር በየቁራጩ ይቆራረጣል፣ ሥዕሉም ሽመና ሽመና ይላል። ጠልሰሙን ከብራና ገልብጦ አላስቀመጠውም፤ ቁሳቁሱ እንዲናገር አድርጎታል።

መዳብ_ሰንሰለት፦

ሰሌዳ ግዴታ ነው እንዴ? ጋናዊው ቀራፂ ኤል አናትሱይ የጠርሙስ አሉሚኒየም ክዳን እየደቆሰና እያጠፈ በመዳብ ሽቦ አያይዞ እንደ ጨርቅ ነው የሚሰቅለው፤ ኬንቴ የተባለው የጋና ባህላዊ ሽመና ትዝ የሚለው ብዙ ተመልካች ነው። 24ቱን ሰፌድ እርስ በርስ በመዳብ ቀለበት ብታያይዣቸው ተጣጥፎ በሻንጣ ይገባል፣ ኮምፐርሳቶውም ይቀራል።

ወስፌ፦

@መዳብ_ሰንሰለት ለእሱ ዕቃ ትክክል ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ክዳን ቀላል ነው፤ እዚህ 24 ሰፌድ ወደ 6 ኪሎ ነው። የላይኛው ረድፍ ስድስቱ ሰፌዶች ይኼን ሁሉ በጠርዛቸው ይሸከማሉ፣ የመጨረሻው ዙር ጥምጥም ከወር በኋላ ይላላል። ያለ ሰሌዳ መስቀል ከተፈለገ እያንዳንዱን ቁመታዊ ረድፍ ከጀርባው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመብራት ሽቦ ከላይ እስከ ታች አስሮ ክብደቱን ለሽቦው መስጠት ነው።

ሠዓሊዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ሰፌድ ሰፋሁ፣ አልማዙ በሚገባ ወጣ። ግን የመጀመሪያው ከ12ኛው ዙር በኋላ ዳሩ ወደ ላይ እየተነሣ ሳህን ሆነ፤ ሁለተኛው ደግሞ ተቃራኒው፣ ዳሩ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተወዛወዘ። በምን ላስተካክለው? ቦርዶቹንስ እንዴት ላዘጋጅ? አንዱን ስቆርጠው ብዙ ብናኝ ወጣው። ሲሰቀልስ ክብደቱን ምን ይችለዋል?

ወስፌ፦

ሳህን የሆነው ውስጡን ሦስት ሽቦ ስለሳብሽው ነው። ውስጡ ከተሳበ ዙሩ ያጥራል፣ ዳሩ ይነሣል፤ መሶብ ሲሰፋም የሚነሣው ሆን ተብሎ በዚሁ መንገድ ነው። የተወዛወዘው ደግሞ ውስጡ ስለላላ ነው። መጥበቅ ያለበት ጠምጣሚው ነው፣ ውስጡ ግን እንዳለ ይተኛ። በየሦስት ዙሩ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ በእጅ መዳፍ ጫኚውና እዪ። በ12ኛው ዙር ላይ የታወቀውን በ12ኛው ፈትተሽ አስተካክዪ፤ እስከ 25 ከቀጠልሽ በማሰር አይቃናም። ሳህን የሆነውን ግን አትጣዪው። ለሥራው መሐል ከፍ ያለ ነገር ከፈለግሽ ገልብጠሽ አስቀምጪው።

ነሐስ12፦

ቦርዱን በመጋዝም በድሪልም አትንኪው። ብናኙ የብርጭቆ ክርና ሬንጅ ነው፣ የድሮ ቦርድ ብየዳው ደግሞ እርሳስ አለበት። በላሜራ መቀስ ቁረጪው፣ በመጋዝ መቁረጥ ግድ ከሆነ ውኃ እየነካሽና አፍንጫ ሸፍነሽ። ቀዳዳ አትብሺ፤ የቪቴ ቀዳዳ ቀድሞውኑ አለው፣ በእሱ እሰሪው። ከፓወር ሳፕላይ የወጣ ከሆነ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ከመንካትሽ በፊት ዕቃው ከመብራት ተነቅሎ የቆየ መሆኑን አረጋግጪ፤ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ከተነፋ ወይም ካፈሰሰ ካፓሲተሩን ነቅለሽ አውጪ፣ ባትሪ ካለበትም እንዲሁ። ባትሪ ከጊዜ በኋላ ያፈስና መዳቡን ይበላዋል። ስትጨርሺ ምግብ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እንጀራ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይም አትሥሪ።

ሽቦውን ለመላጥም ሆነ ለማለስለስ እሳት አታስጠጊው። የፒቪሲ ጭስ መርዝ ነው፣ መዳቡም ጠቁሮ ይወጣል።

የቆሸሸውን ሽቦ ከመስፋትሽ በፊት ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቢው፣ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያለው አሮጌ ሽቦ ካጋጠመሽ ያን ክፍል ቆርጠሽ ጣዪው፤ ቢታጠብም ይመለሳል።

ኮምፐርሳቶ፦

ክብደቱ፦ ሰፌዶቹ 6 ኪሎ፣ ኮምፐርሳቶው 7 ኪሎ ገደማ፣ ፍሬሙ 5 ወይም 6። ወደ 18 ኪሎ ነው፣ ቦርዱ ሲጨመር 20 ብለሽ ያዢው። በክር ወይም በአንድ ምስማር አይሰቀልም። 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሳንቃ በቁመቱ በ45 ዲግሪ ለሁለት ሰንጥቂ። አንዱ ግማሽ ፍሬሙ ላይ ስለቱ ወደ ታች፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ይመታል፤ ሥራው ከላይ ወርዶ ይነክሳል። ለሁለት ከከፈልሽው ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር። የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ባለ 8 ሚሊ ፊሸር (ቪቴ የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አራት ቦታ ይግባ፣ ቀዳዳው የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ ከወደቀ ትንሽ ወደ ጎን ሂጂ፤ ፊሸሩ ባዶው ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይይዝም። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን ፊሸር አታስቢ፣ ምርጉን እያንኳኳሽ ማገሩን ፈልጊና ረጅም ቪቴ እሱ ላይ እሰሪ።

ቀጥታ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ አትምረጪ። የሽቦው ቀለም ይገረጣል፣ ልባሱም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከመስቀልሽ በፊት ደግሞ በጀርባው በኩል የመዳብ ማሰሪያዎቹን ጫፍ ሁሉ ወደ እንጨቱ አጥፊያቸው፤ ሁለት ሰው ሲያነሣው መጀመሪያ የሚወጋው እጅን ነው።

ሠዓሊዋ፦

እሺ፣ ለሁለት እከፍለዋለሁ። የተነሣውን ሰፌድ ከ12ኛው ዙር ፈትቼ ጀምሬአለሁ።